ተፎካካሪዎች ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ፦ ለንግድ ውድድር ተቆጣጣሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የንግድ ውድድርን ለሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና መርማሪዎች
ግልባጭ፦ ለንግድ ዘርፍ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች
ጉዳዩ፦ በተወዳዳሪ ድርጅቶች መካከል የሚደረግ የዋጋ ንግግርን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና መርማሪዎች፤

ይህን የምጽፍላችሁ በግዢ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ፖስታ መክፈት፣ ዋጋ ማነጻጸርና አሸናፊውን መለየት ነው። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው፣ ቁጥሮቹ ገና ሲነበቡ ተጫራቾቹ ተነጋግረው መምጣታቸውን ልቡ ይነግረዋል። የተሸናፊዎቹ ዋጋ ከአሸናፊው በላይ በእኩል ርቀት ተደርድሮ ይገኛል። ባለፈው የተሸነፈው ዛሬ ያሸንፋል፤ ዛሬ ያሸነፈው በሚቀጥለው ጨረታ ሆን ብሎ ዋጋውን ሰቅሎ ይመጣል። የማይተዋወቁ በሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት የስሌት ስህተት ይታያል።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይዤ አንድ ጊዜ ወደሚመለከተው ክፍል ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቅኩት «የተፈራረሙበት ሰነድ አለ ወይ?» ተብዬ ነው። አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ዋጋ ለማናር የሚመሳጠሩ ሰዎች ውል ተዋውለው፣ ማኅተም አሳርፈው መዝገብ ቤት አያስገቡም። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። የአንድ ፋይል መዘጋት ያን ያህል አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ጥያቄው ነው። ፊርማ የሚፈልግ መርማሪ ጉዳቱ በተሠራበት ቦታ እየፈለገ አይደለም። ተወዳዳሪዎች ነገ ስለሚያስከፍሉት ዋጋ፣ ስለሚያመርቱት መጠን፣ ማን የትኛውን ደንበኛ እንደሚተው አፍ ለአፍ ገጥመው ባወሩበት ሰዓት ሥራው ተሠርቷል። በመጨረሻ እጅ ተጨባበጡም አልተጨባበጡም፣ ከክፍሉ ሲወጡ ሲገቡ ያልነበራቸውን እውቀት ይዘው ይወጣሉ፤ በማግስቱ ዋጋ የሚተምኑትም ያንን ይዘው ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምርመራችሁ መነሻ ንግግሩ ይሁን። ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋን በጋራ ከፍ አድርጎ ማቆየት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በጣም ከባድ ነው። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር እያንዳንዱ ድርጅት በስውር ትንሽ ቀንሶ የሌሎቹን ደንበኛ ለመውሰድ ይበልጥ ይፈተናል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ ስቲግለር በ1964 እንዳስረዳው፣ የካርቴል፣ ማለትም ዋጋ ለማናር የተመሳጠሩ ድርጅቶች ስብስብ፣ ፈተናው ከራሱ አባላት የሚመጣው ድብቅ ቅናሽ ነው፤ ካርቴሉም የሚጸናው ያንን ቅናሽ ማወቅ እስከቻለ ድረስ ነው። በዚያ ላይ ገበያ ይዋዥቃል። ሽያጩ የወረደበት ድርጅት ባልንጀራው ከድቶት ይሁን ወይም የገዢው ፍላጎት ቀዝቅዞ ይሁን በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። ሲጠራጠር ዋጋ ይቀንሳል፤ ሌላውም ይከተለዋል፤ ከፍ ብሎ የቆየው ዋጋ ይናዳል። ገዢውን የሚጠብቀው ይህ እርስ በርስ አለመተማመን ነው። ተፎካካሪዎች በተነጋገሩ ቁጥር የሚፈርሰውም እሱ ነው።

ዋጋው ስንት ይሁን? ከመቼ ይጀምር? ማን ቀድሞ ይጨምር? አንዱ ቢያፈነግጥ በምን ይታወቃል? ካፈነገጠ በኋላስ እንዴት ወደ መስመር ይመለሳል? ሁለት ድርጅቶች ብቻ ሲሆኑ ዝም ብለው በመተያየት እነዚህን ሊመልሷቸው ይችሉ ይሆናል። አራትና ስድስት ሲሆኑ ግን ያለ ንግግር መግባባት እጅግ ይከብዳቸዋል።

ይህ በቤተ ሙከራም ተፈትኗል። ሚጌል ፎንሴካ እና ሃንስ ቴዮ ኖርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎችን እንደ ተወዳዳሪ ድርጅት አድርገው ዋጋ አስተመኗቸው፤ አንዳንዱ ቡድን እንዲነጋገር ሲፈቀድለት ሌላው ተከለከለ። ንግግሩ ማንንም የሚያስር አልነበረም፤ ቃሉን ያጠፈ አይቀጣም። እንደዚያም ሆኖ የተነጋገሩት በሁሉም የቡድን መጠን የበለጠ አተረፉ። ንግግሩ ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው በቁጥር መካከለኛ የነበሩት ናቸው፤ ማለትም በመተያየት ብቻ ለመግባባት የሚበዙ፣ ከተነጋገሩ ግን ለመስማማት ያልበዙ። ከሁሉ ይልቅ እናንተን ሊያሳስባችሁ የሚገባው ግን ሌላ ነው። የመነጋገሪያው መንገድ ከተዘጋባቸው በኋላም ቡድኖቹ ከፍተኛውን ዋጋ ይዘው ቀጠሉ። አንድ ጊዜ የተፈጠረ መግባባት ንግግሩ ሲቆም አብሮት አይጠፋም። ስለዚህ «ስብሰባው እኮ ድሮ ነው የቀረው» የሚል መከላከያ ሲቀርብላችሁ፣ ዋጋው የዚያ ስብሰባ ልጅ ሆኖ እስከ ዛሬ መቆየቱን መርምሩ።

አሁን ከቤተ ሙከራ ወጥተን ወደ እውነተኛ ስብሰባዎች እንግባ። በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው የአሜሪካ ስኳር አጣሪዎች ታሪክ ነው።

በ1927 መጨረሻ የአሜሪካን የሸንኮራ ስኳር ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያጣሩ 14 ድርጅቶች «የስኳር ኢንስቲትዩት» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በይፋ የዋጋ ተመን አላወጣም። ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ደንቡ ሲነበብ የሚያስመሰግን ነበር፤ ማንም አባል ለአንዱ ደንበኛ በስውር ቅናሽ አይስጥ፣ ሁሉም ዋጋውን በግልጽ ያስታውቅ፣ የመጓጓዣውም የክፍያውም ውል አንድ ወጥ ይሁን ይላል። አባላቱ ለዓመታት በየጊዜው እየተገናኙ የደንቡን አንቀጽ ይተረጉሙ ነበር። ይህ ቅናሽ ነው ወይስ አይደለም? ይህ የመጋዘን አገልግሎት በነጻ ቢሰጥ ደንቡን ይጥሳል? በኋላ ዴቪድ ጀነሶቭ እና ዋላስ ማለን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች የስብሰባዎቹን ማስታወሻዎች አጥንተው በ2001 ያሳተሙት ሥራ የዚህን ሁሉ ትርጉም ያስረዳል። የሽያጭ ውሎች አንድ ወጥ ሲሆኑ፣ ያፈነገጠ አባል ወዲያውኑ ዓይን ውስጥ ይገባል። አጣሪዎቹ ዋጋ መወሰን ሳያስፈልጋቸው ማንም ከዋጋ እንዳይወርድ የሚያደርግ አጥር አበጁ።

ከዚያ ጥናት ያስገረመኝ የቅጣቱ ነገር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያፈነገጠ አባል ወዲያው የዋጋ ጦርነት ይታወጅበታል። በስኳር አጣሪዎቹ ዘንድ እንዲህ አልነበረም። ቅናሽ ሰጠ የተባለ አባል ስብሰባ ላይ ይጠየቃል፤ ያስረዳል፤ አንዳንዴም ወሬው ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ ድርጊቱ በደንቡ ያልታሰበ ነውና ደንቡ ይሻሻላል። አጸፋ ሲመለስም ተመጥኖ ነበር። ስብሰባው የዕርቅ ቦታ ነበር ማለት ነው። ያ ዕርቅ ባይኖር ጥርጣሬ ወደ ጦርነት፣ ጦርነቱ ወደ ርካሽ ስኳር ይሄድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኢንስቲትዩቱን አሠራር በ1936 አገደ። ፍርዱ እስኪመጣ ግን ዓመታት አልፈው ነበር፤ በነዚያ ዓመታት የተሸጠው ስኳር ተሽጧል፤ ገዢውም ከፍሏል።

የማኅበር ስብሰባ ሽፋን ሆኖ ሲያገለግልም በማስረጃ ታይቷል። ለእንስሳት መኖ የሚጨመረውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ የሚያመርቱ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የኮሪያ ኩባንያዎች ከ1992 እስከ 1995 ዋጋና የሽያጭ ኮታ ሲከፋፈሉ ነበር። ለመገናኘት ምክንያት እንዲሆናቸው ራሱን የቻለ የማኅበር ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ለይስሙላ አጀንዳ ይዘጋጅለታል፤ እውነተኛው ንግግር በሆቴል ክፍል ይካሄዳል። በየወሩ እያንዳንዱ የሸጠውን መጠን ያስታውቃል፤ ከኮታው በላይ የሸጠ እንዲያካክስ ይጠበቃል። ይህን የምናውቀው ከውስጥ አንድ ኃላፊ ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ስለተባበረና ስብሰባዎቹ በድምፅና በምስል ስለተቀዱ ነው። አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ በ1996 በላይሲንና በሲትሪክ አሲድ ጉዳይ ጥፋቱን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከቅጂዎቹ ውስጥ ተወዳዳሪዎቻችን ወዳጆቻችን፣ ደንበኞቻችን ጠላቶቻችን ናቸው የሚል ሐሳብ ከኩባንያው መሪዎች አፍ ሲወጣ ይሰማል። እኔ ደንበኛ ነኝ። የሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያኛው ወገን ናቸውና ይህን ሳነብ በጣም ተቆጥቻለሁ።

የመኪና አምራቾቹ ጉዳይ ደግሞ ንግግሩ የት ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ያሳያል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 ለጭነት መኪና አምራቾች የ2.93 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ወሰነ፤ ምስጢሩን መጀመሪያ ያጋለጠው «ማን» (MAN) የተባለው ኩባንያ ከቅጣት ነጻ ሆነ። ምስጢሩ ከ1997 እስከ 2011፣ 14 ዓመት ዘልቋል። መጀመሪያ የሚገናኙት የዋናው መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኃላፊዎች ነበሩ፤ አንዳንዴም በንግድ ትርኢት አጋጣሚ። በኋላ ንግግሩ ወደ ታች ወርዶ የበታች ሠራተኞች በኢሜይል የሚለዋወጡት የዘወትር ሥራ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ደብዳቤውን የሚጽፈው ሠራተኛ ጥፋት እየሠራ እንደሆነ ላይሰማው ይችላል፤ ወንበሩን ሲረከብ ያገኘው አሠራር ነው። ምርመራችሁ ከዳይሬክተሮች ቢሮ ብቻ አይጀምር የምለው ለዚህ ነው። የዋጋ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ወጣት ሠራተኛ የኢሜይል ሳጥን ብዙ ጊዜ ከሊቀ መንበሩ ማስታወሻ የበለጠ ይናገራል።

በእኔ የሥራ መስክ የሚጠቀሰው የቆየ ምሳሌ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አምራቾች ነው። የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የመንግሥት ድርጅት፣ በታሸገ ፖስታ ከተለያዩ ኩባንያዎች የመጡ ዋጋዎች እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ሆነው ማግኘቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ ይፋ አደረገ። ምርመራው ሲከፈት፣ ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ማን ዝቅተኛውን ዋጋ እንደሚያቀርብ የሚወስን የዙር ሠንጠረዥ እንዳላቸው ታወቀ። ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ ከተከሰሱት መካከል ነበሩ። በ1961 ሰባት የሥራ ኃላፊዎች እስር ቤት ገቡ፤ በዚያን ጊዜ ለንግድ ሰው ያልተለመደ ቅጣት ነበር። ልብ በሉ፤ ጉዳዩን የጀመረው የገዢው መሥሪያ ቤት ዓይን ነው። ፖስታ የሚከፍት ሠራተኛ ቁጥሮቹን ይዞ ሲመጣ ሰነድ አምጣ ተብሎ ቢመለስ ኖሮ ያ ሠንጠረዥ ዛሬም ሲዞር ነበር።

እስከ አሁን የጠቀስኳቸው በዝግ በር የተደረጉ ናቸው። በአደባባይ የሚደረገው ንግግር ለእናንተ የበለጠ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልታልፉት አይገባም።

የአሜሪካ አየር መንገዶች የቲኬት ዋጋቸውን በጋራ በሚጠቀሙበት የመረጃ ሥርዓት ያሳውቁ ነበር። አንዱ አየር መንገድ «ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚህ መስመር ዋጋ እጨምራለሁ» ብሎ ያስገባል። ሌሎቹ ካልተከተሉት ቀኑ ሳይደርስ ይሰርዘዋል፤ ከተከተሉት ያጸናዋል። በዚያ የወደፊት ዋጋ አንድም ተሳፋሪ ቲኬት አልገዛም፤ ቃሉ የተነገረው ለተፎካካሪ ብቻ ነው። በዋጋው ግርጌ የሚጻፉ ምልክቶችም «ይህን መስመር ብትተውልኝ ያንን እተውልሃለሁ» ለማለት ያገለግሉ ነበር፤ እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይሄ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ1992 ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በ1994 በስምምነት ሲዘጋ አየር መንገዶቹ ይህን ዓይነት የቅድሚያ ማስታወቂያ እንዲተዉ ተገደዱ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የአውሮፓ ኮሚሽንም በኮንቴይነር መርከብ ድርጅቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አየ። ድርጅቶቹ የጭነት ዋጋ ጭማሪን ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ቀድመው ያውጁ ነበር፤ የሚያውጁት የጭማሪውን መጠን እንጂ ደንበኛው የሚከፍለውን ሙሉ ዋጋ አልነበረም። በ2016፣ 14 ድርጅቶች ይህን ልማድ ለመተው ግዴታ ገቡ።

ከነዚህ ሁለት ጉዳዮች የምወስደው መለኪያ ቀላል ነው። የወጣው መረጃ ገዢው ሊገዛበት የሚችል ነው ወይ? ዋጋው ዛሬ ጸንቶ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለገዢው የተነገረ ነው። ሊሰረዝ የሚችል፣ ያልተሟላ፣ ሩቅ ቀን የተቆረጠለት ከሆነ ግን አድማጩን ፈልጉ።

ግልጽነት ሁልጊዜ ለገዢው ይበጃል የሚለውን እምነት በተመለከተ፣ እናንተን ራሳችሁን የሚነካ ታሪክ ልጥቀስ። የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በ1993 የተዘጋጀ ኮንክሪት ገበያን ለማነቃቃት አስቦ፣ በሦስት አካባቢዎች የእያንዳንዱን ድርጅት እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ፣ ከነቅናሹ፣ እየሰበሰበ በይፋ ማተም ጀመረ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ገዢዎች ያዩታል፣ ይከራከራሉ፣ ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ታመነ። ከዚያ በፊት በዚያ ገበያ የተለያየ ገዢ የተለያየ ቅናሽ በድብቅ ያገኝ ነበር። ኅትመቱ ከተጀመረ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። በጉዳዩ ላይ የጻፉ የዴንማርክ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ጭማሪውን የግብዓት ዋጋ መናርም ሆነ የፍላጎት ማደግ እንደማያስረዳው አሳይተዋል። ድርጅቶቹ ስብሰባ መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ እያንዳንዱ በመንግሥት መጽሔት ላይ የተፎካካሪውን ድብቅ ቅናሽ አነበበ። ስቲግለር የተናገረለት ድብቅ ቅናሽ፣ ገዢውን ሲጠብቅ የኖረው ያ ነገር፣ ተቆጣጣሪው በገዛ እጁ አጠፋው። ኅትመቱ በኋላ ቆመ።

ይህን የምጠቅሰው ለመውቀስ አይደለም። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዋጋን በድርጅት ስም ዘርዝሮ ማተም እንደ መልካም ሥራ ሲታሰብ ስለማይ ነው። ጥቂት ሻጮች ባሉበት፣ ምርቱ አንድ ዓይነት በሆነበት፣ ገዢዎች በግል በሚደራደሩበት ገበያ እንዲህ ያለ ኅትመት አደገኛ ነው። ብዙ ተራ ሸማቾች ዋጋ አወዳድረው በሚገዙበት ገበያ ግን ጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ መመሪያ ማውጣት አይገባም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። በ1982 የአሜሪካን አየር መንገድ ፕሬዚዳንት ሮበርት ክራንዳል ለብራኒፍ አየር መንገድ መሪ ለሃዋርድ ፑትናም ስልክ ደውሎ ዋጋህን 20 በመቶ ጨምር፣ እኔም በማግስቱ ጠዋት እጨምራለሁ አለው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ እናገኛለን ሲልም አከለ። ፑትናም ንግግሩን ቀድቶ ለመንግሥት አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ፑትናም እሺ ስላላለ ስምምነት የለም፤ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ዋናው የጸረ መመሳጠር አንቀጽ አይነካውም። መንግሥት በሌላ አንቀጽ፣ ገበያውን በብቸኝነት ለመያዝ በመሞከር፣ መክሰስ ግድ ሆነበት። ጉዳዩ ከዓመታት ክርክር በኋላ በስምምነት ሲዘጋ ክራንዳል ከሌሎች አየር መንገድ ኃላፊዎች ጋር የሚያደርገውን ንግግር በጽሑፍ እንዲመዘግብ ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ነው። የታዘዘው ዋጋውን እንዲያስረዳ ሳይሆን ንግግሩን እንዲያስረዳ ነውና።

የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። በ2001 በኔዘርላንድ የአምስት የሞባይል ስልክ ኩባንያዎች ተወካዮች ተሰብስበው ለሻጭ ወኪሎች የሚከፍሉትን ኮሚሽን ስለመቀነስ ተነጋገሩ። ስብሰባው አንድ ነበር። የተነጋገሩበትም ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም። ጉዳዩ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በ2009 የተሰጠው መልስ ይህ ነው፤ እንደ ገበያው ሁኔታ አንድ ስብሰባ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ መረጃ ተለዋውጠው በገበያው የቀጠሉ ድርጅቶችም መረጃውን እንደተጠቀሙበት ይገመታል፤ አልተጠቀምኩም የሚል ካለ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። እኔ በጠየቅኩበት ክፍል ይህ አስተሳሰብ ቢኖር ኖሮ ያ የመጀመሪያ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ተወዳዳሪዎች በጭራሽ አይገናኙ ማለቴ አይደለም። ስለ ደኅንነት ደረጃ፣ ስለ ሠራተኛ ሥልጠና፣ መንግሥት ሊያወጣ ስላሰበው ሕግ መነጋገር አለባቸው፤ ማኅበሮቻቸውም ይህን ሲሠሩ አገር ይጠቀማል። የዘርፉን ጠቅላላ ምርት የሚያሳይ፣ የቆየ፣ የማንም ድርጅት ቁጥር ተነጥሎ የማይታይበት መረጃ ቢታተምም አልቃወምም። ድንበሩ የሚያልፈው መረጃው የግለሰብ ድርጅት ሲሆን፣ የቅርብ ወይም የወደፊት ሲሆን፣ በተፎካካሪ እጅ ብቻ ሲወድቅ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ለገዢው የሚበጅ ምክንያት ቀርቦልኝ አያውቅም።

ስለዚህ ከናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። ስለ ወደፊት ዋጋ ከተፎካካሪ ጋር መነጋገር፣ አብረን እንጨምር ብሎ መጋበዝም ጭምር፣ ተቀባይ ባያገኝ እንኳ በራሱ ጥፋት ይሁን። ሕጉን የምታወጡት እናንተ ባትሆኑም ረቂቅ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። የዘርፍ ማኅበራት አጀንዳቸውን ቀድመው እንዲያሳውቁ፣ ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ፣ የአባላትን ቁጥር የሚሰበስበው ከአባላቱ ነጻ የሆነ ወገን እንዲሆን መመሪያ አውጡ። ስብሰባ ላይ የዋጋ ወሬ የተነሳበት አባል ዝም ብሎ በመቀመጥ ንጹሕ ሊሆን እንደማይችል ይወቅ፤ ተቃውሞውን ተናግሮ መውጣትና መውጣቱን ማስመዝገብ አለበት።

በምስጢር የሚገናኙት ሰዎች እርስ በርስ እንዲፈራሩ አድርጉ። መጀመሪያ መጥቶ ያጋለጠ ከቅጣት ነጻ የሚሆንበትን ሥርዓት አሜሪካ በ1978 ጀምራ በ1993 አጠናከረችው፤ አውሮፓም በ1996 ተከተለች። የጭነት መኪናውን ምስጢር ያወጣው ይህ ሥርዓት ነው። የሚሠራው ግን ተስፋው የማያሻማ ሲሆን ነው። «እናየዋለን» የሚል ተቆጣጣሪ ዘንድ ማንም ጥፋቱን ይዞ አይመጣም።

ከግዢ ሠራተኞች ጋር ተቀራረቡ። ለዓመታት የተከማቸ የጨረታ ዋጋ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ማን መቼ እንዳሸነፈ፣ ማን ሁልጊዜ ሁለተኛ እንደሚወጣ፣ የትኛው ድርጅት ከጨረታው ወጥቶ ቆይቶ ከአሸናፊው ንዑስ ውል እንደወሰደ ከዚያ ይነበባል። ይህ ብቻውን ፍርድ አያሰጥ ይሆናል፤ የማን ስልክና ኢሜይል እንደሚመረመር ግን ይጠቁማል። በር ለማስከፈት ሊበቃ ይገባዋል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ገና ያልተያዘ መሬት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ባስረዳው ደስ ይለኛል። ዛሬ ዋጋ የሚተምነው በብዙ ቦታ ሰው አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2015 በኢንተርኔት የግድግዳ ሥዕሎች የሚሸጥ ሰው ላይ ክስ አቀረበ፤ ሰውየውና ተወዳዳሪዎቹ ዋጋቸውን ለማስተካከል ተስማምተው፣ ስምምነቱን እንዲያስፈጽምላቸው ፕሮግራም ተጠቅመዋል። በዚያ ጉዳይ ሰዎቹ ስለተነጋገሩ ነገሩ አላስቸገረም። በ2024 ሪልፔጅ በተባለ የሶፍትዌር ድርጅት ላይ የቀረበው ክስ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ተወዳዳሪ የሆኑ አከራዮች ምስጢራዊ የኪራይ መረጃቸውን ለዚህ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ሶፍትዌሩም ለእያንዳንዳቸው የሚያስከፍሉትን ዋጋ ይመክራል የሚል ነው። አከራዮቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አይጠበቅባቸውም፤ ሁሉም ከአንዱ አማካሪ ጋር በየግላቸው ያወራሉ።

ይህ ንግግር አይደለም የሚሉ ጠበቆች ይመጡባችኋል። መልሱ መረጃው የሄደበትን መንገድ መከተል ነው። የአንዱ ድርጅት ያልታተመ ዋጋ በሌላው ድርጅት የነገ ዋጋ ላይ ተጽዕኖ ካሳደረ፣ መልእክተኛው ሰው ይሁን ማሽን ለከፋዩ ልዩነት የለውም። የዋጋ ምክር የሚሸጡ ድርጅቶች ከማን ምን መረጃ እንደሚወስዱና ለማን እንደሚያካፍሉ የሚያሳይ መዝገብ ከአሁኑ እንዲይዙ አድርጉ። መርማሪዎቻችሁ መካከል ይህን መዝገብ ማንበብ የሚችል የኮምፒውተር ባለሙያ ቅጠሩ።

በዚህ ደብዳቤ ላይ የምትሰጡትን መልስ፣ ከተቃውሞ ጭምር፣ በይፋ ብታሳውቁ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ እናነበዋለን። የጨረታ ዋጋዎችን በምን መልክ ብናቀርብላችሁ ለምርመራ እንደሚመቻችሁ ከነገራችሁን፣ በዚያው መልክ አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግዢ ባለሙያ